ጮክ ብሎ የሚጸልየው ሰልፍ

«አማቷን ውሰድልኝ ብላ የጸለየችው ያቺ አይደለችም?» አለች፣ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ከፊት ከቆሙት ሁለት ሴቶች አንዷ፣ በአገጯ መንገድ ማዶ እየጠቆመች። ጓደኛዋ በያዘችው ፌስታል አፏን ጋርዳ ሳቀች። «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች። ለአባ ስትናዘዝ ነው አሉ፤ ሰልፉ ሙሉ ሰምቷታል።» «አባስ ምን አሏት?» «አባማ ምን ይበሉ፤ ከሰው ሁሉ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።»

መንገድ ማዶ የምትሄደው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ክንዷ ላይ የተጣጠፈ ሱሪ ይዛ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታልፋለች። ከሁለቱ ሴቶች ጀርባ የቆመችው የአባ እህት ሁሉንም ሰማች። ሴቶቹ ዞር ብለው ቢያዩዋት ኖሮ ዳቦውንም ትተው በሄዱ፤ አልዞሩም። እሷም አልተናገረችም። በሰፈሩ ከምትታወቅባቸው ነገሮች አንዱ አለመናገሯ ነው። ተራዋ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ዳቦ ገዛች፤ ዋጋው ሳይቀንስ ዳቦው ካለፈው ወር መቅለሉን በእጇ መዘነች። ባለ ዳቦ ቤቱ መመዘኗን አይቶ «እትዬ፣ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው እንጂ የኔ አይደለም» አላት። «አውቃለሁ» ብላው ወጣች። ወደ ቤት ግን አልሄደችም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ከታላቅ ወንድሟ ከአባ ጋር፣ እሳቸው በሚያገለግሉበት የካቶሊክ ቁምስና ቤት ትኖራለች። በወጣትነቷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ያስተማረች ሴት ናት፤ ልጅ የላትም። እቤት ውስጥ ወንድሟን «ጋሼ» ትለዋለች፣ «አንተ» ትለዋለች፣ ካልሲውን የትም ሲጥል ትቆጣዋለች። ደጃፉን ሲያልፉ ግን «አባ» ይሆናል፣ «እርስዎ» ይሆናል። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። እሱም በበኩሉ በኩሽና «እቴ» የሚላትን በአደባባይ «እኅታችን» ይላታል፤ ሁለቱም በዚህ አንድ ቀን ተሳስቀው አያውቁም።

የአባ ጆሮ መድከም የጀመረበትን ጊዜ በትክክል የሚያውቅ የለም። እርጅና እንደ ሌባ ነው፤ ሲገባ አያንኳኳም። ቅዳሴውን በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ሕዝቡም ተሰጥዎውን ስለማያዛባ፣ በመሠዊያው ፊት የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። ከእህታቸው ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ እሷ ፊቷን ወደ ብርሃን አዙራ ቃሉን ሳታጣድፍ መናገሩን ለምዳዋለች፤ የኋላ ወንበር ተማሪ ያስተማረ ሰው ይህ አይከብደውም። አባ የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው፤ የዘንድሮ ሰው ድምፁ አንሷል። «ሁሉም ያልጎመጉማል፤ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው ጠፋ» ይላሉ።

ችግሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑዛዜ ላይ ነው። ተናዛዡ የኑዛዜው ሳጥን ውስጥ ተንበርክኮ ከካህኑ በሚለየው ወንፊት በኩል ኃጢአቱን ሹክ ይላል። አባ «ድምፅህን ከፍ አድርግ ልጄ» ይላሉ። ከፍ ያደርጋል። «ትንሽ ጨምር።» ይጨምራል። በመጨረሻ ሰውየው በሚስቱ ላይ የበደለውን፣ ሚስቱን ለሚያውቅ ሰልፍ ሁሉ ያውጀዋል። መጀመሪያ ላይ ሰልፉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አልበቃም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ፀጉር አስተካካዩ፣ የራሱ ተራ ሊደርስ ሲል ነው አሉ፣ «ወገኖቼ፣ ዝም ብለን ከምንቆም መቁጠሪያ እንድገም፤ ግን ጮክ ብለን» አለ። በዚያው ልማድ ሆነ። ጸሎቱን የሚመራው ጡሩምባ ነው። ጡሩምባ ስሙ አይደለም፤ ሳሙና ፋብሪካው በር ላይ ዕድሜ ልኩን መኪና ሲያስቆም የከረመ ዘበኛ ነው፣ ድምፁ አጥር ይነቀንቃል። ከበድ ያለ ነገር የያዘ ተናዛዥ ሲገባ ፀጉር አስተካካዩ በክርኑ ነካ ያደርገዋል፤ ጡሩምባም ይጨምራል። አባ ይህን ባዩ ጊዜ ልባቸው ተነካ። ማንም ሳያዝዘው የሚጸልይ ሕዝብ አገኘሁ ብለው ለጳጳሱ አወሩ፤ ጳጳሱም በካህናት ስብሰባ ፊት አመሰገኗቸው። አባ የዚያን ዕለት እንደ ልጅ እየፈነደቁ ነው የተመለሱት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማን አፉን ሞልቶ ይንገራቸው?

ባለፈው ቅዳሜ ጡሩምባን ሳል ያዘው። የዙሩን የመጨረሻ የእመቤታችን ሰላምታ ጨርሶ ወደሚቀጥለው አባታችን ሆይ ሊሻገር ሲል ነው ትን ያለው። ሌሎቹ እሱ እስኪጀምር ጠበቁ። በዚያች ክፍተት መሃል፣ ጩኸቱን ተማምና ድምፅዋን ዝቅ ያላደረገችው ልብስ ሰፊ ሳጥኑ ውስጥ ሆና የተናገረችው ጥርት ብሎ ወጣ፤ «አማቴን ውሰድልኝ ብዬ ጸልያለሁ።» ጡሩምባ ሳሉን ውጦ ጸሎቱን ጀመረ፤ ግን ውሃው ፈስሷል። የአባ እህት ያን ጊዜ አልነበረችም። በወንድሟ እጅ ስለማትናዘዝ፣ ለሷ ሌላ ቁምስና ስላለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ቤት ሆና የመሠዊያውን ጨርቆች ትተኩሳለች። ሰው ሲያወራ እሷ ስትደርስ ዝም እያለ፣ ነገሩን ሙሉ በሙሉ የሰማችው ዛሬ ዳቦ ቤት ነው።

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ የመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ ገና ያልተወሰዱ ልብሶች ተደርድረዋል፤ ከኋላ አበባ ያለው መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ አማቷ ተኝታለች። ግማሽ ጎኗ ከከዳት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ክፍሉ የካውያው ሙቀትና የመድኃኒት ሽታ አለው፤ ግን ንጹሕ ነው፤ አንሶላዎቹ ገመድ ላይ ነጥተው ይታያሉ። የአባ እህት ገብታ «የተተረተረ ቀሚስ እንዳለኝ ትዝ ብሎኝ መጣሁ፤ ግን ሳልይዘው...» ብላ ጀመረችና ራሷ አፈረች። ልብስ ሰፊዋ መቀመጫ ላይ የነበረውን ጨርቅ አነሣችላት።

«ቀሚስ አይደለም ያመጣዎት እትዬ።»

«አይደለም።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አንሥታ ክር ማስገባት ጀመረች። እጇ ሥራ ካልያዘ መናገር የማትችል ዓይነት ሰው ናት። «የባሌ እህት ትናንት መጥታ እዚሁ የቆሙበት ቦታ ቆማ ገዳይ አለችኝ። አንድ ቀን አንሶላ ቀይራላት የማታውቅ። ባሌ ምንም አላለም። ሹፌር ነው፤ መንገድ አለብኝ ብሎ ወጣ፤ ዛሬ መንገድ እንደሌለበት ግን አውቃለሁ።» ክሩ አልገባ አላት፤ ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ እንደገና ሞከረች። «ሕመሙ ሲበረታባት ታቃስታለች እትዬ። ስታቃስት ነው ያልኩት። ለአባ ካልነገርኩ ለማን ልነግር? አይዞሽ ልጄ ሲሉኝ እንዴት እንደቀለለኝ። ኋላ ሰው ሲያወራ ነው፣ ለካ አልሰሙኝም። እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ሳይሰሙ ይቅር ያሉት ይያዛል?»

በዚህ መሃል አንድ ደንበኛ ኮት ሊለካ ገባ፤ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ደጃፉ ብርሃን አወጣችው። ከመጋረጃው ወዲያ «የአባ እህት ነሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ነይ እስቲ ወዲህ።»

አሮጊቷ ትራስ ተደግፋ፣ ፀጉሯ ተጎንጉኖ፣ በጎ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ ነበር። ፊቷ በአንድ በኩል ወርዷል፤ ዓይኗ ግን የሰላ ነው። «ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች። «ጆሮዬማ የወንድምሽን ያህል አልከዳኝም። እኔም እኮ ያንኑ ነው የምለምነው፤ ከሷ በፊት ነው የጀመርኩት። እንግዲህ ሁለት ሆነን ጠይቀናል፤ አልተመለሰልንም። እግዜሩም እንደ ወንድምሽ ሳይሆን አልቀረም።» በግማሽ አፏ ሳቀች።

«ይህን ለሷ ይንገሯት» አለቻት የአባ እህት።

«በምን ዓይኗ? ከቅዳሜ ወዲህ ስታበላኝ ማንኪያውን እንጂ እኔን አታይም። ለኛ አትጨነቂ፤ እኛ አንድ ጣራ ሥር ነን፣ ዞረን ዞረን እንገጣጠማለን። ብቻውን በር ዘግቶ የቀረው ያንቺው ሰው ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አለማወቅ፣ እኔስ ከዚህ አልጋ አይሻልም እላለሁ።»

ምሳ ላይ የድንች ሾርባ ነበር። አባ ቅዳሜ ቀን ደስተኛ ናቸው፤ ኑዛዜ ለሳቸው እንደ ሠርግ ቀን ነው። ዳቦውን እየቆረሱ፣ ለመቶኛ ጊዜ፣ ቁምስናው እንዴት እንደተጀመረ ያወሩላት ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ የሳሙና ፋብሪካው መጋዘን ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡት መሥራቹ ካህን ከባለቤቱ ለምነው አገኙት፤ አሁን ግቢው ውስጥ ከግራር ዛፉ ሥር ተቀብረዋል። ወንበር ስላልነበረ ሰው የሳሙና ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያስቀድስ ነበር፤ ደወል ስላልነበረ የፋብሪካው የፈረቃ ፉጨት ነበር የሚጠራው፤ አንዳንዱ ተሳስቶ ለሥራ መጥቶ ቅዳሴ ሰምቶ ይሄዳል። ዝናብ ሲዘንብ ወለሉ አረፋ ያወጣ ነበር። «አንዲት ሙሽራ ቬሏ ሳሙና ሳሙና ሸተተ ብላ አልቅሳ፣ መሥራቹ ምን አሏት መሰለሽ፣ ንጹሕ ሆነሽ መግባትሽ ነው አሏት።» ራሳቸው ሳቁ። የኑዛዜውን ሳጥን የሠራው ደግሞ የሬሳ ሣጥን አናጢ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስለማያውቅ ክዳኑን ሰፋ አድርጎ በቁሙ አቆመው። መሥራቹ ካህን አይተውት፣ ጥሩ ነው፣ ሰው እዚህ ሲገባ አሮጌው ሰው ይሞታል ብለው ባረኩት። አባ ወጣት ሆነው ወደዚህ ሲመጡ የመጀመሪያ ሥራቸው እዚያ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ነበር። «ቅዳሴ ማንም ይቀድሳል እቴ፤ ሰው የሚሰማ ካህን ግን...» አሉና ሾርባቸውን ጠጡ።

እህታቸው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጠዋት ከልብስ ሰፊዋ ቤት ስትወጣ፣ እቤት እንደደረስኩ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ግን ምን እንደሚከተል ታውቀዋለች። ወንድሟ ነገር በግማሽ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ዛሬ ከሰማ ሰኞ ጳጳሱ ዘንድ ይሄዳል፤ የማይሰማ ቆሞስ ቁምስና አይዝም። ያረጁ ካህናት የሚጦሩበት ቤት ሌላ ከተማ ነው፤ አንድ ጊዜ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ በሰልፍ ተቀምጠው መኪና በገባ ቁጥር ቀና እያሉ ሲያዩ አይታለች። ይህ ኩሽና ለሌላ ካህን ይሆናል። እሷ የምትሄድበት አታጣም፤ የጡረታ ገንዘብ አላት፣ ክፍል ትከራያለች። ግን የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፉ፣ እጅጌውን ወደ ኋላ አጥፎ ሻንጣ ውስጥ መደርደርን አንድ ጊዜ ሠርታዋለች። ያን ጊዜ ለሰው የሚሰጡት የሟች ባሏ ልብሶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የወንድ ሸሚዝ ስታጥፍ ወደ ግድግዳው ዞራ ነው።

«ጋሼ» አለች።

አባ መስኮቱን ያያሉ። ፊታቸው ወደሷ ስላልሆነ አልሰሙም። ድጋሚ ልትጠራቸው ትችል ነበር፤ ትከሻቸውን መንካት ትችል ነበር። አልነካችም። ሳህኖቹን ሰበሰበች። ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸው፤ ያን ጊዜም ፊት ለፊት ቆመው፣ ብርሃኑም በቂ ሆኖ፣ «ሹራብ ደርብ፤ ውስጡ ይበርዳል» ከማለት ሌላ አልወጣትም። አባ በመንገዱ ላይ ላገኟቸው ሁሉ እጃቸውን እያነሡ ሄዱ። እሷ ውሃው ሲወርድ እየሰማች ሳህን ማጠቢያው ዘንድ ቆመች። ሳህኖቹ ታጥበው አልቀዋል፤ ቧንቧውን ግን አልዘጋችውም። አሁን ሰልፉ ተሰልፏል። አሁን ጡሩምባ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ልብስ ሰፊዋ «ይያዛል?» ያለችበት ድምፅ ትዝ አላት። ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን አደረቀች፣ ወጣች።

የዕለቱ ሰልፍ ከወትሮው አጭር ነበር፤ ያለፈው ቅዳሜ ወሬ ብዙውን ሰው አስቀርቶታል። የመጡትም አንገታቸውን ሰብረው ቆመዋል፤ ጡሩምባ ግን ያለፈውን ለማካካስ ይመስል ከመቼውም አብልጦ እየጮኸ ነበር። የአባ እህት ሰልፉን አልፋ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ስትሄድ ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑ ፈጠጠ። «እትዬ፣ ሰልፍ አለ እኮ» አለ ከልማድ፤ ከዚያ ማን እንደሆነች ገብቶት ወደ ጎን ሸሸና ጡሩምባን በክርኑ ጎሸመው። ጡሩምባ ጨመረ።

ሳጥኑ ውስጥ ጨለማው የአሮጌ ዝግባ ሽታ አለው። ተንበረከከች። ከወንፊቱ ማዶ የወንድሟ ጆሮ ደብዝዞ ይታያታል።

«ጋሼ፣ ጆሮህ ሄዷል» አለች በቀስታ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ልጄ።»

ከፍ አላደረገችም። «ሰው ሁሉ ያውቃል። የሚጮኹት እግዚአብሔር እንዲሰማቸው አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ኃጢአት እንዳይሰማ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት እዚህ ተንበርክካ የተናገረችው ዛሬ ዳቦ ቤት ይሳቅበታል። ከጠዋት ጀምሮ ልነግርህ ስል ውያለሁ። ብነግርህ ትሄዳለህ። እኔ የአንድ ሰው ልብስ አጣጥፌ ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም። ላንተ አዝኜ አይደለም ዝም ያልኩት፤ ለራሴ ነው።»

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ የሚወደው ያ ሞቅ ያለ ድምፅ መጣ። «አይዞሽ ልጄ። ሸክምሽን እዚሁ ጥለሽ ሂጂ። ሦስት ጊዜ የእመቤታችንን ሰላምታ ድገሚ።» እጃቸውን ለፍታት አነሡ።

ለአፍታ ያህል፣ ምንም ሳይሰሙ እንዳሏት እያወቀች፣ ደረቷ ቀለል አላት። ልብስ ሰፊዋ ቀለለኝ ያለችው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ይህን ይዞ ተነሥቶ መሄድ ይቻል ነበር። ከዚያ፣ ስታስተምር የኋላ ወንበር ተማሪዎችን ጸጥ ታሰኝበት በነበረው ድምፅ ተናገረች።

«ምን አልኩህ?»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልኩህ ጋሼ? የምትፈታኝ ከምንድን ነው?»

ውጭ ጸሎቱ ተቋረጠ። ፀጉር አስተካካዩ ጡሩምባን ጎሸመው፤ ጡሩምባ ግን አፉን ከፍቶ ቀርቷል። «እቴ?» አሉ አባ፣ ወደ ወንፊቱ ተጠግተው። «አንቺ እኔ ዘንድ አትናዘዢም።»

«አልተናዘዝኩም። አትሰማም ጋሼ። ትንሽ አይደለም፤ አትሰማም።»

«ሰው ያልጎመጉማል እንጂ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ሳጥኑ ሲንቋቋ ተሰማት፤ ወደ ኋላ ተደግፈው መሆን አለበት። «ሰዉ ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«መቁጠሪያውስ?»

አልመለሰችም። ያቺን ዝምታ ግን አባ በደንብ ሰሟት።

«ለጳጳሱ ነግሬያቸው ነበር እኮ» አሉ። «ካህናቱ ሁሉ ባሉበት።»

«አውቃለሁ።»

ከወንፊቱ ማዶ አንድ ድምፅ መጣ። ለቅሶ መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር፣ ደረቅ ሳቅ፣ መጨረሻው ላይ ግን ሳቅ ያልሆነ። «እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር። ሁላችሁም ዝም ስትሉ ችግር የለም ማለት ነው አልኩ።» ከዚያ «የተጎዳ ሰው አለ?» አሉ። «አለ» አለች። «ውጭ እነግርሃለሁ። ማንነቷን እንጂ ያለችውን አይደለም።»

አባ ከሳጥኑ ሲወጡ ሰልፉ እንዳለ ነበር። ሲያናዝዙ አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን ሐምራዊ ጨርቅ አውልቀው፣ ስመው፣ አጠፉት። ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ሁሉንም ያጠመቁ ወይም ያጋቡ እሳቸው ናቸው። «ሰማችሁ» አሉ።

ሰው ሁሉ እግሩን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ምንም አልሰማንም አባ።» ከኋላው ያሉት «ምንም፣ ምንም» አሉ።

አባ ጆሯቸውን ወደሱ አዘንብለው «ምን አልክ?» አሉት።

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ያዘች፤ ቀጥሎ ሌላው ሳቀ፤ አባም ከፊታቸው አይተው ገባቸውና አብረው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እንዲህ አሉ፦ «እስከዛሬ የፈታኋችሁ ተፈትታችኋል። ይቅር የሚለው የኔ ጆሮ አይደለም፤ ይህን አትጠራጠሩ። ከእንግዲህ ግን ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ እዚያ አልቀመጥም። ሰኞ ጳጳሱ ዘንድ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። የሚሉትን እንሰማለን። እናንተ ትሰማላችሁ፣ ለኔ ትነግሩኛላችሁ።» ጡሩምባ እያለቀሰ ተጠጋና «አባ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ ሳል ይዞኝ ነው» አላቸው። ምን እንዳለ አልያዙትም፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው አለፉት።

ሁለቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲሄዱ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር። አባ በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብለው «በቀኜ በኩል ሂጂ፤ በዚያ በኩል ትንሽ ይሻለኛል» አሏት። ይህን አምነው ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ክንዳቸውን ያዘች። በሰው ፊት ክንዳቸውን ይዛ አታውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ስታያቸው ከመኪናው ተነሣች። ወንበር ብትስብላቸው አልተቀመጡም። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ፤ ዝቅ ያደረጉት መስሏቸው ነው እንጂ፣ ማይክሮፎን ያልነበረበትን መጋዘን ሲሞላ የኖረ ድምፅ በክፍሉ አልፎ፣ በመስኮቱ ወጥቶ፣ መንገዱን ሞላው። «ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ የነገርሽኝን እኔ አልሰማሁም። እንደ ሰማ ሰው ሆኜ አይዞሽ አልኩሽ። ምን እንዳልሽ ዛሬም አላውቅም፤ ማንም እንዲነግረኝ አልፈቅድም።» ማዶ ያለ መስኮት ተከፈተ። ገዳይ ያለቻት የባሏ እህት ቤት ነው። የአባ እህት፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ ልትል እጇን አነሣች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው። «በዚህ ነገር ጥፋተኛ ካለ እኔ ነኝ» አሉ አባ። «በአደራ የሰጠሽኝን ሜዳ ላይ የበተንኩት እኔ ነኝ። አንቺን የሚነቅፍ እኔን ይንቀፈኝ። ይቅር በይኝ።»

መንገዱ ላይ አላፊው ሁሉ ቆሞ ነበር። ማዶ ያለው መስኮት እንደተከፈተ ቀረ፤ ማንም አልታየበትም። ከመጋረጃው ወዲያ አሮጊቷ «ነይ ልጄ» አለች። «ለአባ መልስ ስጪያቸውና ነይ፤ እኔም የምነግርሽ አለኝ፤ ዓይንሽን ግን እፈልገዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን አየች፣ አባን አየች። ከዚያ ቀረብ ብላ፣ እንደ ልጅ በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ፣ ሁለት እጇን እንደ ጎድጓዳ ሰሃን አድርጋ የቀኝ ጆሯቸው ላይ ገጠመች፤ አፏን እዚያ ውስጥ አድርጋ መናገር ጀመረች። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አላሉም።

የአባ እህት ወደ ደጃፉ ወጣች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ የያዘች ሴት መጥታ «ልብስ ሰፊዋ አለች?» አለቻት።

«አለች። ትንሽ ጠብቂ፤ ከአባ ጋር ናት።»

ሴትየዋ ጠበቀች። ሌሎችም መጥተው ጠበቁ። አንድም ቃል ወደ ውጭ አልወጣም።